የሴንት ኦገስቲን ገሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሴንት ኦገስቲን ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1565 በፍሎሪዳ ጠረፍ በወታደር ሰፈርነት የቆረቆሯት ከተማ ናት። በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከጓሮ ጉድጓዶቿ በብዛት የሚወጣው ገል ነው፤ በችኮላ ያነበበው ሁሉ ይሳሳታል።

«የስፔን ሰፈር ስለሆነች የቤቱ ዕቃም የስፔን ነው»

በ18ኛው መቶ ዘመን ቤቶች አብዛኛው ገል የአሜሪካ ተወላጆች በእጃቸው የሠሩት ሸክላ ነው። ከስፔንና ከሜክሲኮ የመጣው፣ ነጭ ልባስ ያለው ማጆሊካ ገበታ ላይ የሚቀርብ ሳህን ነበር። እሳት ላይ የሚጣደው ደግሞ ሳን ማርኮስ የሚባለው የተወላጆች ድስት ነው፤ ጭቃው ከደቃቅ ጠጠር ጋር ይለወሳል፣ ውጭው በተቀረጸ እንጨት እየተመታ ቅርጹ ይታተምበታል። ብዙ ወታደሮች የአገሬውን ሴቶች አግብተው ነበር። አርኪዮሎጂስቷ ካትሊን ዲገን እንዳሳየችው፣ ገበታው ስፔናዊ ቢመስልም ማድ ቤቱ የእነዚህ ሴቶች ነበር። የከተማዋን ታሪክ በገዥዎቹ ደብዳቤ ብቻ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሴቶች ይዘላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

«ሻካራ ሸክላ የድሃ ቤት ምልክት ነው»

በሀብታሞቹም ቤት ይገኛል። ጠጠሩ ስንጥቅ እንዳይስፋፋ ስለሚያግድ ድስቱ እሳት ይችላል። ማጆሊካ ግን ቢጣድ ልባሱና ጭቃው እኩል ስለማይሰፉ ይሰነጠቃል። ከመፍረድ በፊት ከሥሩ ጥቀርሻ መኖሩን ማየት ነው።

«ብዙ ገል ማለት ብዙ ዕቃ ማለት ነው»

ወይንና ዘይት የሚጫንበት ትልቅ ማሰሮ፣ ቦቲሃ፣ አንዱ ሲሰበር ብዙ ስባሪ ይወጣዋል። ስለዚህ ገሉ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ከንፈሮቹም (የአፉ ጠርዝ ስባሪዎች) ለብቻ ተለይተው ስንት ዕቃ እንደነበረ ይገመታል። የአፉን ስፋት ለማወቅ ከንፈሩ ክብ በተሳለበት ወረቀት ላይ ይገጠማል፤ ከክቡ 5 በመቶ የማይሞላ ስባሪ ልኩ አይታመንም።

«የጉድጓዱን ዕድሜ የሚወስነው አሮጌው ገል ነው»

ወሳኙ አዲሱ ነው። ሳህን ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ይችላል። በ1760ዎቹ የተስፋፋው የእንግሊዝ ክሬም ቀለም ሸክላ ባልተነካ አፈር ውስጥ ከተገኘ፣ ጉድጓዱ ከዚያ በፊት አልተደፈነም። ሥር ወይም አይጥ አፈሩን አለማመሰቃቀሉ ግን አስቀድሞ ይረጋገጥ።

«ገል እንደወጣ ይታጠባል»

የምግብ ቅሪት የሚመረመርበት ገል ሳይታጠብ ይለያል። በባዶ እጅ አይነካም፣ በፕላስቲክም አይቀመጥም፤ የቆዳ ቅባትና ከፕላስቲኩ የሚወጣ ኬሚካል ምርመራውን ያበላሻሉ። በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለል። ሴንት ጆንስ የሚባለው እንደ ጠመኔ ለስላሳ ሸክላ ደግሞ በብሩሽ ሲፈተግ ጌጡ ይጠፋል፤ በውኃ ብቻ አለቅልቆ ጥላ ላይ ማድረቅ ይሻላል።