«ከሕፃናትና ከሚጠቡ ልጆች አፍ ምስጋናን አዘጋጀህ»

አዋቂ ሁሉ የሸሸገውን እውነት ትንሽ ልጅ ፍርጥ ሲያደርገው «ከሕፃናት አፍ!» እንላለን። የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ በግእዙ ይለዋል፦ «እምአፈ ደቂቅ ወሕፃናት አስተዳሎከ ስብሐተ»።

ቃሉ የዳዊት ነው፤ መዝሙር 8 ላይ አለ። በሰው ልብ የቀረው ግን በማቴዎስ 21 ታሪክ ይመስለኛል። ጌታ በመቅደስ ዕውሮችንና አንካሶችን ሲፈውስ ልጆች «ሆሣዕና ለዳዊት ልጅ» እያሉ ጮኹ። የካህናት አለቆችና ጻፎች ተቆጡ፤ «እነዚህ የሚሉትን ትሰማለህን?» አሉት። እሱም ልጆቹን ዝም አላሰኛቸውም። ይህንኑ ጥቅስ መለሰላቸው። ስለዚህ አባባሉ የልጅን ብልህነት ማድነቂያ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ሲያኮርፉ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው አፍ ፈጣሪውን ያመሰግናል ማለት ነው።

ለዚያ አፍ ዕድሜዋን የሰጠች አንዲት ሴት አለች፤ ሴሲል ፍራንሲስ አሌክሳንደር። እ.ኤ.አ. በ1818 አየርላንድ፣ ደብሊን ከተማ ተወለደች። በ1848፣ ገና ሳታገባ፣ «መዝሙሮች ለትናንሽ ልጆች» የተባለውን መጽሐፏን አሳተመች። ልጅ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገባውም። እሷ ሐረጎቹን እየነጠለች በልጅ ቋንቋ መዝሙር አደረገቻቸው። «ሰማይና ምድርን የፈጠረ» ለሚለው ስለምትፈካው አበባና ስለምትዘምረው ወፍ ጻፈች። ለልደቱ እናት ሕፃኗን ግርግም ውስጥ ስታስተኛ አሳየች። ለስቅለቱ ደግሞ ከከተማ ቅጥር ውጭ ያለውን አረንጓዴ ኮረብታ ሣለች። አንድም ከባድ ቃል የለም፤ ትምህርቱ ግን አልጎደለም። ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም!

ከመጻሕፍቷ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ በስትራባን ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውሏል። መዝሙሩን በጆሯቸው ለማይሰሙት ማለት ነው። ከሥራዋ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው።

በ1850 ቄስ ዊልያም አሌክሳንደርን አገባች። እሱ በኋላ ጳጳስ ሆነ፤ እሷ በ1895 አረፈች። የልደት መዝሙሯ ግን ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ የገና ዋዜማ ጸሎት መክፈቻ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንድ ልጅ ብቻውን፣ ያለ ኦርጋን ይዘምረዋል። የትኛው ልጅ እንደሚዘምር የሚነገረው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ያህል ሕዝብ ዝም ብሎ የሚሰማው ልጅን ነው።

አንድ ስንኟን ግን አልቀበለውም። ስለ ፍጥረት በጻፈችው መዝሙር ሀብታሙን በግንቡ፣ ድሀውን በደጁ ያኖረው እግዚአብሔር ነው የሚል አለ። መጽሐፉ በወጣበት ዘመን አየርላንድ በረሀብ ታልቅ ነበር። ልጅ ደግሞ የዘመረውን ሳይመረምር ያምናል። ብዙ የመዝሙር መጻሕፍት ኋላ ላይ ያንን ስንኝ አውጥተውታል፤ ደግ አደረጉ።