በእግር የሚለካ ሰፈር፦ የከተማ ፕላንና ለኑሮ ምቹ የሆነ አካባቢ

የከተማ ፕላን መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ቤቶች ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚሠሩ፣ ንጹሕ ውሃ በየት ገብቶ ፍሳሽ በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚወስን የሙያ ዘርፍ ነው። ሥራው በካርታ ላይ ቢጀመርም ፍሬው የሚታየው በሰፈር ውስጥ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ መቻሉ፣ አንዲት አረጋዊት መድኃኒት ለመግዛት መኪና ያለው ሰው መለመን አለመለመናቸው፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ወደ ቤት መግባት አለመግባቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ቤቱ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በተሰመረ መስመር ነው። በመሆኑም የሰፈር ምቹነት ሲመዘን ከሕንፃዎቹ ውበት ይልቅ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ርቀት መቅደም አለበት።

ዘመናዊው ፕላን የተወለደው ከበሽታ ጋር በተደረገ ትግል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ ከተሞች ሠራተኛው በፋብሪካ ጭስ ሥር ተፋፍጎ ይኖር ነበር፤ የመጠጥ ውሃውም ከፍሳሽ ጋር እየተቀላቀለ ኮሌራን ያዛምት ነበር። እንግሊዝ በ1848 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የሕዝብ ጤና ሕግ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን አሳቢ ኤቤኔዘር ሃዋርድ ደግሞ በ1898 ወደ 32,000 ሰው የሚይዝና በእርሻ መሬት የተከበበ «የአትክልት ከተማ» ሐሳብ አቀረበ፤ የመጀመሪያዋ ከተማ ሌችዎርዝም በ1903 ተቆረቆረች።

መኖሪያን ከፋብሪካ መለየት በጊዜው ተገቢ መፍትሔ ነበር። ችግሩ የመጣው መለያየቱ ወሰን ሲያጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 በዩክሊድ ከተማ ጉዳይ መሬትን በአገልግሎት ዓይነት መከፋፈልን ሕጋዊ አደረገው፤ በ1933 የተሰባሰቡ የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ባለሙያዎችም ከተማን በመኖሪያ፣ በሥራ፣ በመዝናኛና በትራንስፖርት ከፍሎ ማየትን መርሕ አድርገው ያዙ። በዚህ አካሄድ በተሠሩ ሰፈሮች ሱቁ፣ ክሊኒኩና የሥራ ቦታው ከቤት እየራቁ ሄዱ፤ መኪና ለሌለው፣ ለልጅና ለአቅመ ደካማ ደግሞ ርቀት ማለት የተዘጋ በር ነው።

የአሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ ሐሳብ ዛሬም የሚጠቀሰው ሰፈርን በሰው እርምጃ ስለለካ ነው። ፔሪ በ1929 ባሳተመው ጥናት አንድ ሰፈር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሞላ የሚችል ሕዝብ ይኑረው፣ ከመሃሉ እስከ ዳርቻው 400 ሜትር ያህል፣ ማለትም የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ይሁን፣ ትልልቅ መንገዶች በዳርቻው ይለፉ፣ ከመሬቱም አሥር በመቶ ያህሉ ለመናፈሻና ለመጫወቻ ይተው አለ። ሆኖም ሐሳቡ ሰፈርን ወደ ውስጥ የሚዘጋ ጎን ነበረው። በ1961 ጸሐፊዋ ጄን ጄከብስ በዘመኑ የከተማ ፕላን ላይ ጠንካራ ትችት ስታቀርብ ለመንገድ ሕይወት የሚሰጡት አጫጭር ብሎኮች (በመንገዶች የተከበቡ የሕንፃ ስብስቦች)፣ የተቀላቀለ አገልግሎት፣ ከአዲሱ ጎን የቆዩ አሮጌ ሕንፃዎችና በቂ የሰው ብዛት መሆናቸውን አስረዳች። በእኔ ግምት ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ የፔሪን ርቀት ከጄከብስ ቅይጥነት ጋር ያላጣመረ ፕላን ወይ የተኛ ሰፈር ወይ የተጨናነቀ መተላለፊያ ይፈጥራል።

ስለ ሰው ብዛት ሲነሣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ቀድሞ ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ይህ ግን የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የተሠሩት 33 ባለ 11 ፎቅ የፕሩት ኢጎ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች በጥገና እጦትና በነዋሪዎች መመናመን ተጎሳቁለው ከ1972 ጀምሮ ፈርሰዋል፤ በአንጻሩ የባርሴሎና አሻምፕላ ሰፈር ከስድስት እስከ ስምንት ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች በአውሮፓ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩ አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ይኖራል። መጠጋጋት የሚፈለግበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ አውቶቡስ በየአሥር ደቂቃው እንዲመጣ በፌርማታው ዙሪያ በቂ ተሳፋሪ፣ ትንሽ ሱቅ እንዳይዘጋ በእግር የሚደርስ በቂ ደንበኛ ያስፈልጋል።

አሻምፕላን ትንሽ ቀረብ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። መሐንዲሱ ኢልደፎንስ ሰርዳ በ1859 ሲነድፈው እያንዳንዱ ብሎክ ወደ 113 ሜትር የሚጠጋ ጎን ያለው አራት ማዕዘን ሆኖ አራቱም ማዕዘኖቹ ተቆርጠው ነበር፤ ተሽከርካሪ እንዲታጠፍና እይታ እንዳይጋረድ ነው። በብሎኮቹ ውስጥ ሊተው የታሰበው የአትክልት ቦታ ግን በመሬት ባለቤቶች ግንባታ ተዋጠ፤ የተቆረጡት ማዕዘኖችም ውለው አድረው የመኪና ማቆሚያ ሆኑ። ከተማዋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ቦታዎች ዘጠኝ ብሎኮችን በአንድ ላይ አስራ አላፊ ትራፊክን በዙሪያቸው ታሳልፋለች፤ ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና ቀጥ ብሎ መሻገር ስለማይችል በዝግታ ገብቶ ተጠምዝዞ ይወጣል። ይህ አሠራር በ2016 በከተማዋ ፖብለኖው ሰፈር ሲጀመር ከነዋሪዎች ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ዛሬ በአንዳንዶቹ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ወንበር፣ ጠረጴዛና ዛፍ ተተክሎ፣ ማዕዘኑን ሰርዳ ያሰፋበት ጥበብ ለሕፃናት መጫወቻ ሆኗል።

የመንገድ ደኅንነትም እንዲሁ በዝርዝር ነገር ይወሰናል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በማዕዘኑ ላይ ሰፊ ቅስት ከሠራ ሾፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ ጠበብ ካለ ግን ፍሬን መያዝ ግድ ይሆንበታል፣ የእግረኛውም መሻገሪያ ያጥራል። በኔዘርላንድ ዴልፍት ነዋሪዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት መኪና በእግር ርምጃ ፍጥነት ብቻ የሚሄድበት የመኖሪያ መንገድ በ1976 የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል።

ዘላቂነት የሚባለው ከዛፍ ተከላ ይሰፋል፤ ዛፍም ቢሆን ሥሩ የሚሰፋበት አፈር ካላገኘ ጥላ አይሰጥም። አስፋልትና ኮንክሪት ዝናብን ወደ መሬት ከማስረግ ይልቅ ወደ ቱቦ ስለሚሰዱ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ ዝቅ ያለ ሣርማ ቦታና ያልተነካ የወንዝ ዳርቻ ከቱቦ ማስፋት ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው።

ሰፈር ሲሻሻል የቤት ኪራይ ይንራል፤ መሻሻሉን ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ነዋሪም መጀመሪያ ለቅቆ የሚወጣው ሊሆን ይችላል። ይህን ከፕላኑ ውጭ የሚታይ የገበያ ጉዳይ አድርጎ መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ መናፈሻው ሲነደፍ በዝቅተኛ ኪራይ የሚቆየው ቤት ብዛትም አብሮ መወሰን አለበት። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ከ1920ዎቹ ጀምሮ የያዘችው መንገድ ይህ ነው፤ ዛሬ 220,000 ያህል ቤቶች የከተማው አስተዳደር ንብረት ሆነው፣ ዳር ላይ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ ተሰበጣጥረው ይከራያሉ።