የማክ አፕ ሥራ ከጎንደር ሲታይ

ማክ የአፕል ኮምፒውተር ነው፤ ኔቲቭ የሚባለው የማክ አፕ አፕል ራሱ ባዘጋጃቸው መሣሪያዎች፣ ለማክ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው መንገድ በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ አፕ የሚሠራበት ኤሌክትሮን ነው። እሱ ውስጡ ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ ስለሚዞር ለትንሽ ማስታወሻ ደብተር እንኳን ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ የጎንደር ተማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኔቲቩ አፕ የሚሠራበት ፕሮግራም ኤክስኮድ ነው። ነፃ ነው፤ ግን ብዙ ጊጋባይት ይመዝናል፣ ያለ ማክም አይሠራም። ቋንቋው ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ መስኮትና ቁልፍ የሚገነባበት ስዊፍትዩአይ ደግሞ በ2019። ከስዊፍትዩአይ ሥር ያለው የመስኮት መገንቢያ፣ አፕኪት፣ በጣም የቆየ ነው። የመጣው ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ካቋቋመው ኔክስት ሲሆን፣ የኮድ ክፍሎቹ ስም እስከ ዛሬ በ"ኤንኤስ" ይጀምራል። አዲስ ጀማሪ በስዊፍትዩአይ ቢጀምር ይሻለዋል። አፕኪትን ግን ፈጽሞ አያመልጠውም።

ዲዛይኑ የራሱ ወግ አለው። ሜኑው ከስክሪኑ አናት ላይ ይቀመጣል፣ ኮማንድና ኮማ ሴቲንጉን ይከፍታል፣ ተጠቃሚው የሠራውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ (አንዱ) መቻል አለበት። ይሄ የጎደለበትን አፕ የማክ ተጠቃሚ ወዲያው ይነቃበታል።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ማክ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ይጠብቃል። ከፋ የተባለው የግዕዝ ፎንት አብሮት ይመጣል። ፋውንዴሽን በተባለው የአፕል የኮድ ስብስብ ውስጥ የዓመተ ምሕረትም የዓመተ ዓለምም አቆጣጠር አለ፤ ጳጉሜን 5 ትሁን 6 ራሱ ያሰላል። ሰዓት ላይ ግን ጉድ አለ። ጠዋት 1 ሰዓትን ሲስተሙ 7 ስለሚለው፣ 6 ሰዓቱን መቀነስ የዴቨሎፐሩ ዕዳ ነው። ፍለጋም እንዲሁ ነው፤ "ፀሐይ" ብሎ የፈለገ "ጸሀይ"ን እንዲያገኝ ሞክሼ ፊደላቱን የሚያቀራርብ ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያጓጓው የዜማው ነገር ነው። ጎንደር በአታ የአቋቋም መምህራን የሚመሰከሩበት ደብር ነው። የድጓው (የዜማ መጽሐፉ) ምልክት ደግሞ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ጽሑፍን በስክሪን ላይ የሚያሰፍረው የአፕል ኮር ቴክስት ለጃፓንኛ ብሎ ከቃል በላይ ትንሽ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ዘዴ አለው። ድጓን በስክሪን ማሳየት ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ላጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

በራስ ማክ ላይ መሞከር ገንዘብ አይጠይቅም። ለሌላ ሰው ለማከፋፈል ግን በዓመት 99 ዶላር ይከፈላል፤ እዚህ ከባዱ ብሩ ብቻ ሳይሆን በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ነው። ከዚያ አፕል አፑን መርምሮ ማረጋገጫ ይሰጣል። ያለዚህ፣ ጌትኪፐር የተባለው የማክ ጠባቂ ተጠቃሚውን ያስፈራራዋል። ማረጋገጫው ከአፑ ጋር ከተያያዘ ደግሞ ማኩ ኢንተርኔት ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደነበረው ዓይነት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ አፕ በፍላሽ ከጎንደሩ ማራኪ ሰፈር እስከ አዘዞ ደርሶ ያለ ችግር ይከፈታል።