«ስቴብል» ማለት «አይበላሽም» ማለት አይደለም

በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም) «ስቴብል» የሚባለው ባህሪው የማይቀያየር ሲስተም ነው። ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ከርነሉ (ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) 6.1 ነበር፤ ዛሬም ያው 6.1 ነው። የሚገባለት የደኅንነትና የከባድ ስህተት ጥገና ብቻ ነው። ቀላል ስህተት ካለበት እሱም አብሮ «ስቴብል» ሆኖ ይቀመጣል!

ሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ ኡቡንቱ 24.04፣ የ5 ዓመት ድጋፍ (የጥገና ማሻሻያ) አለው፤ 24.10 ግን የነበረው 9 ወር ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል። ጅማ ሂርማታ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ለሚሠራ ቤት እንዲህ ያለ አጭር ድጋፍ ያለው እትም አይመከርም። ድጋፉ ባለቀ ቁጥር ወደ አዲስ እትም ለመሻገር ጊጋባይቶች በሞባይል ዳታ ማውረድ አለ፤ ማሻሻያው ፓኬጆቹን (የፕሮግራም ጥቅሎቹን) እየጫነ መብራት ከጠፋ ደግሞ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል።

ዴቢያን በጫናችሁበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ አልታይ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉ አርጅቶበት ነው። ሲስተሙን በሙሉ አትቀይሩ፤ ከዴቢያን ባክፖርትስ (ለስቴብል የተዘጋጁ አዳዲስ ፕሮግራሞች ማከማቻ) አዲስ ከርነልና ፈርምዌር (እንደ ዋይፋይ ያለው ዕቃ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) ብቻ ጫኑ። አሮጌውን ከርነል ግን አታጥፉት፤ አዲሱ እምቢ ካለ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር እሱን ትመርጣላችሁ።