«በክረምት የት ይኬዳል?» ለሚሉኝ ሁሉ

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ ሥራዬ ማስጎብኘት። ሰኔ ከገባ ጀምሮ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይለኛል፦ «አሁንማ ክረምት ነው፤ የት ይኬዳል?» የአዲስ አበባ ሰው አገሩን የሚያየው በመስኮቱ ነው። መስኮቱ ላይ ዝናብ ካለ ከሁመራ እስከ ሞያሌ ዝናብ ነው ማለት ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ይዘንብበታል»

አይዘንብበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የሚበረታው በመሃል፣ በሰሜንና በምዕራብ ነው። ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ሌላ ወቅት ነው ያላቸው። ቦረና ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለተኛው፣ ሃገያ የሚሉት፣ በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። አብዛኛው ሶማሌ ክልልም እንደዚያው ነው፤ ጉ የሚሉት ዝናብ በሚያዝያ፣ ደይር የሚሉት በጥቅምት። እኛ እዚህ ጃንጥላ ይዘን ታክሲ ስንጋፋ እዚያ ደረቅ ነው፤ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የዝናብ ቀበቶው ፀሐይን ይከተላል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ ቀበቶው በደቡብ አልፎ ወደ እኛ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴን እላያችን ላይ ይከርማል። ሲመለስ ደግሞ ደቡቡን በድጋሚ ይነካዋል። እነሱ በዓመት ሁለቴ የሚዘንብላቸው ለዚህ ነው።

አንድ ቤተሰብ ከዋሽንግተን መጣ። ለልጆቹ ትምህርት የሚዘጋው በእኛ ክረምት ስለሆነ ሌላ ጊዜ መምጣት አይችሉም። አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ኤል ሶድ ብዬ ጥሩ ጉዞ አዘጋጀሁላቸው። አክስታቸው ሰሙ። «በዚህ ዝናብ ልጆቹን ሊጨርሷቸው ነው እንዴ?» አሉኝ በስልክ። ጉዞው ተሰረዘ። ቤተሰቡም ዕረፍቱን ከቦሌ ካፌ ወደ ገርጂ ዘመድ ቤት፣ ከገርጂ ወደ ቦሌ ሲመላለስ ጨረሰው። በዚያው ሰሞን ወፍ ሊያዩ የመጡ ሆላንዶችን ያቤሎ ልኬ ነበር። በዓለም ላይ እዚያ አካባቢ ብቻ የሚገኝ የቁራ ዘመድ አለ፤ እሱን ፍለጋ ነው። ሾፌሬ ሲደውል የነገረኝ ችግር አንድ ብቻ ነበር፦ አቧራው።

ስለዚህ በክረምት የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቤት አትዝጉበት። ወደ ደቡብ ላኩት። የቦረና ሰዎች ከጥልቁ ጉድጓድ እየዘፈኑ ውሃ ሲቀባበሉ ማየት የሚቻለውም በደረቁ ጊዜ ነው፤ ዝናብ ካለማ ኩሬው ይበቃቸዋል። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እሱ ከአየሩ ጋር አይገናኝም። በሚያዝያ ኦሞ ካላየሁ የሚል ካለ ደግሞ ያኔ ከልካዩ እኔ ነኝ። ቱርሚ አካባቢ አሸዋ ብቻ የነበረ ወንዝ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይሞላና መኪና ከማዶ ያስቀራል።

«ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው ይላል»

ያቺ የዳመና ምልክት ከቀኑ ውስጥ የሆነ ሰዓት ሊዘንብ ይችላል ማለቷ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከምሳ በኋላ ነው። መርካቶን ጠዋት ጨርሱ። እንጦጦን ጭጋጉ ሲገፈፍ ረፋድ ላይ ውጡ። ብሔራዊ ሙዚየምን ከሰዓት አድርጉት፤ ጣሪያ አለው።

«ክረምት ከወጣ ብርድ የለም»

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ታዲያ ለምንድን ነው? በክረምት ዳመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ያመልጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት የሚከፋው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስሜን ተራሮች ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። «አፍሪካ እኮ ነው» ብሎ ቁምጣ ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ ጋቢ ስንገዛለት አድረናል።

«ዳሎል በበጋ ነው የሚኬደው»

ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ፣ አዎ። ሚያዝያና ግንቦትንም በጋ የሚል አለ፤ እሱ አይሞክረው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲለካ ቀንና ሌሊቱ፣ ጥርና ሰኔው ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር።

«ዳመና ካለ ፀሐይ አያቃጥልም»

ያቃጥላል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፈረንጆቹን አፍንጫ እዩ።

«የ13 ወር ፀጋ አይደል? ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው»

ማስታወቂያ ነው፣ ወገኔ። 13ኛዋ ወር ራሷ ዝናብ አላት። የጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ልጆች ራቁታቸውን የሚሮጡበት ነው።

«ጥምቀትን ጎንደር፣ በዚያው ጢስ ዓባይን»

ጥምቀቱን አዎ። ጢስ ዓባይ ግን በጥር ያሳፍራል። ወንዙ ይቀንሳል፤ ከቀረውም ኃይል ማመንጫው ይወስዳል። ሞልቶ የሚያጓራው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ለሰሜኑ በሙሉ ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አለ። በጥር ሣሩ ደርቆ አቧራው ይነሳል። ለበዓል የሚመጣ ለበዓሉ ይምጣ፤ መልክዓ ምድር አይጠብቅ። ለገና ላሊበላ አልጋ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እባካችሁ በታኅሣሥ አጋማሽ አይደውልልኝ።