ሬኩዬም ምንድን ነው? (ከአርመኑ ትግራን ማንሱሪያን ሥራ ጋር)

ሬኩዬም ባጭሩ ለሙታን የሚዜም ቅዳሴ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ለዘመናት በላቲን ስታደርሰው የኖረችው ጸሎት አለ፤ ሲጀምር «የዘላለም ዕረፍት ስጣቸው» ይላል። ከእኛ ጸሎተ ፍትሐት ጋር ይቀራረባል ብል ብዙም አልሳትኩም። እነ ሞዛርትና ቬርዲ ይህን ጸሎት ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ደረሱትና በኮንሰርት አዳራሽም ይሰማ ጀመር።

ሞዛርትን ሁሉም ያወራለታል፣ ስለዚህ እሱን ልለፈው። እኔን የሚገርመኝ የአርመኑ የሙዚቃ ደራሲ የትግራን ማንሱሪያን ሬኩዬም ነው። አርመኖች እንደ እኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ ኦርቶዶክሶች ናቸው። የሚቀድሱት በላቲን ሳይሆን፣ እኛ በግዕዝ እንደምንቀድሰው፣ ግራባር በሚባለው ጥንታዊ አርመንኛ ነው። ታዲያ የእነሱ ልጅ ሬኩዬም ውስጥ ምን አገባው?

ሰውዬው የተወለደው ቤሩት ነው፣ በ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1947 ቤተሰቡ ወደ ሶቪየት አርመን ገባ። በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ተማረ፣ በኋላ እዚያው ሬክተር (የበላይ ኃላፊ) ሆነ። የፊልም ሙዚቃም ሠርቷል፤ የፊልም ዳይሬክተሩ የፓራጃኖቭ «የሮማን ቀለም» (ሮማን ፍሬው ነው) ሙዚቃ የሱ ነው።

ሬኩዬሙ በ2011 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። መታሰቢያነቱ ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ለተጨፈጨፉት አርመኖች ነው። ይሄ ጭፍጨፋ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ወላጆቻቸውን ያጡት በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማንሱሪያን ቃሉን በላቲን እንዳለ ትቶ፣ ዜማውን ከአርመን ነው ያመጣው። የጥንቱ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደ ያሬዳዊ ዜማ አንድ መስመር ነው፤ ከሥሩ የሚደራረብ ሌላ ዜማ የለውም። ኮሚታስ የሚባለው አርመናዊ ካህን ከገጠር እየዞረ ዜማ ሲሰበስብ ኖሮ በ1915 በዚያው ጭፍጨፋ ጊዜ ታሰረ፣ በሕይወት ቢተርፍም አእምሮው ታወከና በ1935 ፓሪስ ሞተ። የማንሱሪያን ሙዚቃ ሥሩ እዚያ ነው፣ የኮሚታስ ዜማ ላይ። ስለዚህ ሬኩዬሙን ስትሰሙ ቃሉ ሮም፣ ትካዜው የሬቫን ይሆንባችኋል፣ እና የሚገርመው አይጋጩም።

ሌላም አለ። ቬርዲ የፍርድ ቀንን ሲያመጣ ከበሮውና መለከቱ ጣሪያ ያነሳል። ማንሱሪያን ጋ ግን ከመዘምራኑና ከሁለቱ ሶሎ ዘማሪዎች (ሶፕራኖ፣ ማለት ቀጭን የሴት ድምፅ፣ እና ባሪቶን፣ ማለት ወፈር ያለ የወንድ ድምፅ) ውጪ ያሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ስለ መለከት የሚናገር ክፍል እያለው መለከት የለውም! ለእኔ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው። ስለ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ሞት ስትጽፍ መጮህ ቀላል ነበር።

መስማት የፈለገ፣ ኢሲኤም (ECM) የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ2017 ያወጣው ቅጂ አለ። መዘምራን የሚከብደው ደግሞ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለ መሣሪያ) ተጫዋቿ ኪም ካሽካሺያን ካለችበት የማንሱሪያን አልበም «ሞኖዲያ» ይጀምር።