ተፋሰስ ምንድን ነው? ለተማሪዎችስ እንዴት ይብራራል?

ተፋሰስ ማለት የሚዘንብበት ውኃ ቁልቁል ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ባሕር የሚሰበሰብበት የመሬት ክልል ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ቃል «መሬት» የሚለው ነው። ስያሜው «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ የተገኘ በመሆኑ ልጆች ቃሉን ሲሰሙ የሚታያቸው ወንዙ ነው፤ መምህሩም ትምህርቱን ከወንዝ ሥዕል ከጀመረ ስሕተቱ ይጸናል። ወንዙ ግን ከተፋሰሱ ስፋት እጅግ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ቀሪው ተራራው፣ እርሻው፣ ደኑ፣ መንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያና ግቢ ነው። «ተፋሰስ የት አለ?» ተብሎ ለተጠየቀ ተማሪ ትክክለኛው መልስ «የቆምኩበት ነው» የሚለው ነው።

አንዱን ተፋሰስ ከሌላው የሚለየው ከፍታ ነው። በአንድ ሸንተረር አናት ላይ ጎን ለጎን ያረፉ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች፣ አንዱ በወዲህ ሌላው በወዲያ ከወረዱ፣ ወደተለያዩ ወንዞች ሊገቡ ይችላሉ። የጅረቱ ተፋሰስ በገባሩ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ፣ የገባሩም በዋናው ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ይካተታል። የናይል ተፋሰስ 11 አገሮችን የሚያካልለው የውኃ መንገድ የአገር ድንበርን ስለማይከተል ነው። ውኃው ሁሉ ውቅያኖስ ይደርሳል ማለትም አይደለም፤ የሩሲያው ቮልጋ ወንዝ የሚገባበት የካስፒያን ባሕር ወደ ውቅያኖስ መውጫ ስለሌለው ውኃውን በአብዛኛው የሚያጣው በትነት ነው።

ይህን ለማሳየት አንድ ወረቀት ጨምድዶ በከፊል መዘርጋት፣ ከፍ ያሉትን እጥፋቶች ውኃ በሚያስለቅቀው ቀለም ማስመርና ውኃ መርጨት ይበቃል፤ ቀለሙ ወርዶ የት የት እንደሚጠራቀም ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ሁለተኛው ሙከራ ነው። ጎናቸው በተቀደደ ሁለት የተጋደሙ ጠርሙሶች በአንደኛው ባዶ አፈር፣ በሌላኛው ሣር የበቀለበት አፈር ይደረግና እኩል ውኃ ይፈስስባቸዋል። ከባዶው አፈር የሚወጣው ውኃ ፈጥኖ የሚወርድና የደፈረሰ ሲሆን፣ ከሣሩ የሚወጣው አነስ ያለ፣ የዘገየና ጠራ ያለ ነው። ምክንያቱም ቅጠሉ የጠብታውን ኃይል ይሰብራል፣ ሥሩም አፈሩን አቅፎ ይይዛል፣ ለውኃውም የመስረጊያ ቀዳዳ ይከፍታል። የሰረገው ውኃ የከርሰ ምድር ውኃን ይመግባል፤ ዝናብ ባቆመበት ወቅት ምንጮችና ጅረቶች የሚፈሱትም ከዚያው ነው። ያልሰረገው ጎርፍ ሆኖ አፈሩን እየሸረሸረ ይሄዳል፣ ግድቦችንም በደለል ይሞላል።

ውኃን መቆጠብ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ለልጆች የሚነገረው «ቧንቧውን ዝጉ» የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም መጠኑን ራሳቸው እንዲለኩት ማድረግ ይሻላል። ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ በ10 ደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ቢጠራቀም፣ በአንድ ቀን ውስጥ 144 ጊዜ 10 ደቂቃ ስላለ በ144 ሲባዛ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። በሌላ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 3,000 ሊትር ይቀበላል። ይህን ያሰላ ተማሪ አሸንዳው ውኃውን ወዴት እንደሚመራው መጠየቁ አይቀርም፤ ቧንቧው ለምን ይዘጋ እንደሆነም ሌላ ምክንያት ያገኛል፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ እንዲሁ የመጣ ሲሆን፣ ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ግን ብዙውን ጊዜ ተጣርቶ፣ በኃይል ተገፍቶና ረጅም መስመር ተጉዞ የደረሰ ነው።